በአካል ስላለመገኘት

ሐሙስ፣ የካቲት 7። ጅጅጋ፣ ቤት። ከጠዋቱ 4 ሰ.

«ለመምህር ጌታሁን። ጉዳዩ፦ ከዕድር አባልነት ስለመሰረዝ። በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 9 መሠረት አንድ አባል በተከታታይ በሦስት ስብሰባና በሁለት ቀብር ላይ በአካል ካልተገኘ ከአባልነት ይሰረዛል። መዋጮ መክፈል ለቅሶ መድረስን አይተካም። እርስዎ ከመስከረም ወር ጀምሮ በስብሰባም ሆነ በቀብር ላይ አንድም ቀን ስላልተገኙ ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ የተሰረዙ መሆኑን እናስታውቃለን። በእጅዎ የሚገኝ የዕድሩ ንብረት ካለ እንዲመልሱ እናሳስባለን።»

ቃል በቃል ገለበጥኩልህ፣ ደብተሬ። አንድ ነጥብ አልጨመርኩም።

ደብዳቤው ከሰኞ ጀምሮ ቤት ነበር። ብርቄ ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላ ሥር ደብቃዋለች። ትናንት ስገባ አልሰጠችኝም። ዛሬ ቁርስ ካበላችኝ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሃያ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስት፤ ባዶ ሆዴን ከተቆጣሁ ቀኑን ሙሉ እንደማልመለስ ታውቃለች።

ፊቴ የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ተከምሯል። ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ነው። ደብዳቤውንም አረምኩት። ቁጥር የለውም። ማኅተሙ ተንጋዷል። «በቀብር» ይላል፤ የማን ቀብር፣ መቼ? አልዘረዘረም። ከዐሥር አራት። ጽፌ ከበብኩት።

«ንብረት ካለ እንዲመልሱ»! ሌባ አስመሰሉኝ። ምን ይዣለሁ? ማንኪያ?

ለሰው ብናገር ይስቃል እንጂ እኔ የውጭ አገር ነዋሪ ነኝ። ከጅጅጋ በሚኒባስ ቶጎጫሌ፣ ከዚያ ድንበሩን በእግር ማለፍ፣ ከማዶ አንድ የግል ት/ቤት፣ አንድ የኪራይ ክፍል። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሰው ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል። እዚያ ሥራ ቅዳሜ ይጀመርና ረቡዕ ያልቃል። የእኔ ዕረፍት ሐሙስና ዓርብ ነው። የጅጅጋ ሰው እሑድ ሲያርፍ እኔ ማዶ ስለ ፍጥነትና ግፊት አስተምራለሁ። ዕድሩ የሚሰበሰበው እሑድ። ሁለቱ ቀብሮች አንዱ እሑድ፣ አንዱ ሰኞ። ሰው ለመሞት የእኔን ሐሙስ አይጠብቅም።

ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ሁለት ዓመት ታግሠው ዘንድሮ፣ እያወቁ ነው!

አንድ ነገር ግን ማረም አልቻልኩም። አንቀጽ 9ን። እንከን አይወጣለትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት የዕድሩ ጸሐፊ ነበርኩ። «መዋጮ መክፈል ለቅሶ መድረስን አይተካም» የምትለዋን ሳነብ ጉባኤው አጨብጭቦልኛል።

ያው ቀን፣ 10 ሰ.

ዕረፍት ይሉታል ይህን። ጋደም ብዬ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ አለ። ንፋሱ አቧራውን በመስኮት ክፍተት እያስገባ የፈተና ወረቀቱን ያለብሰዋል። ሃያ ሰባት አርሜያለሁ። አራቱን ጨክኜባቸው መሰለኝ፤ እንደገና አየሁ። አልጨከንኩም። አያውቁም።

ጓዳ የብርቄ እናት ተኝታለች። እማማ ዘርፌ። ከአሰበ ተፈሪ ያመጣናት ለሕክምና ነበር። ሐኪሙ ቤታችሁ ውሰዷት ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሾርባ በማንኪያ ትቀምሳለች። ሲላት ታወራለች፤ ዛሬ እኔን በሟቹ ባሏ ስም ጠራችኝ፤ አቤት አልኩ።

ብርቄ ስለ ደብዳቤው የተናገረችው አንድ ጊዜ ነው። እዚህ አገር ዘመድ እንደሌለን አስታወሰችኝ። ዘመዳችን ዕድሩ ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ መቃብር ቆፋሪው፣ ሣጥን ተሸካሚው። እናቷ ዛሬ ብታርፍ ማን ይቆማል? ይግባኝ እጽፋለሁ አልኳት። ጠንካራ ይግባኝ፣ በአንቀጽ የተደገፈ።

«ጻፍ» አለች። «ሬሣውን ያንተ ደብዳቤ ይሸከመዋል።»

ወደ ወረቀቶቼ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 8። 6 ሰ.

ከጋሽ ከድር ሱቅ ተመለስኩ። የዕድሩ ሰብሳቢ። መኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ለጁምዓ ሳይዘጋ ልድረስበት ብዬ ቸኮልኩ። ገና ደጃፉ ላይ ሳለሁ ጮኸ፦

«መምህር! ዛሬስ በአካል ተገኘህ!»

ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ሳቁ። ሻይ አዘዘልኝ፤ አልጠጣሁም። ደብዳቤውን ከነእርማቱ አወጣሁ። ቀዩን አይቶ መነጽሩን ፈለገ። ከዐሥር አራት ያልኩትን ሲያነብ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ጸሐፊው 12ኛ ክፍል የወደቀው በአንተ ፊዚክስ ነው አለኝ። ይቅር አልልም ብዬ ገብቼ እኔም ልስቅ ነበር። ያዝኩት።

ነገሬን አስረዳሁ። በሥርዓት፣ አንድ በአንድ። ዕረፍቴ ሐሙስና ዓርብ መሆኑን፣ ድንበር መሻገሬን፣ ብርቄ በእኔ ፈንታ አንድም ለቅሶ አለማጉደሏን፣ ደንቡ እንደ እኔ ላለ ሰው ሁኔታ አለመጻፉን።

ጋሽ ከድር መነጽሩን አወለቀ። ሳቁን ተወው።

«ታዲያ ለማን ሁኔታ ነው የተጻፈው? ለአበራ?»

ሱቁ ውስጥ ብረት ላይ የተቀመጥኩ ሁሉ መሰለኝ፤ ቀዘቀዘኝ። የእሱ ሌላ ነው አልኩ። ምኑ ሌላ እንደሆነ ጠየቀኝ። የእሱ ሌላ ነው አልኩ፣ ደግሜ። እንደ ሰነፍ ተማሪ።

እሱ ለሶላት ተነሣ። እኔም ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9። ከማዶ። 12 ሰ.

ትናንት ከሰዓት ተሻገርኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ የወረቀት ሻንጣዬን አስከፈተ። ምንድነው፣ ኮንትሮባንድ ነው? አለኝ። ዜሮ ነው የጫንኩት፣ ብትፈልግ አንዱን ውሰድ አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። በሰው ፊት ቀልደኛ ነኝ።

ዛሬ አምስት ክፍለ ጊዜ። ወረቀታቸውን መለስኩ። አንዷ ልጅ ቆማ፣ በጨዋ ደንብ፣ መዓሊን (መምህር ማለቷ ነው)፣ ለምን መልሱ ልክ ሆኖ መንገዱ ስላልተጻፈ ብቻ ዜሮ ሰጠኸኝ? አለች። ሕጉን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ አልኳት። ነግሬያቸዋለሁ። እውነት ነው። ተቀመጠች።

ሰኞ፣ የካቲት 11። ከማዶ።

የት/ቤቱ ዋርዲያ እናቱ ሞተችበት። ከጠዋቱ 3 ሰ. ተሰማ፣ 5 ሰ. ሳይሞላ ት/ቤቱ ተዘጋ። አንድ የጭነት መኪና፣ ሁለት ሚኒባስ። መምህር፣ ተማሪ፣ ከገበያ የተቀላቀለ ሰው። ማንም ማንንም አልጠራም። ወንዶቹ ሰገዱ፤ እኔ ዳር ቆምኩ። ከዚያ አፈር ሲመለስ ተራ ገባሁ፤ ሦስት አካፋ መለስኩ።

ሲያልቅ ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔ አንድ ነገር ይፈልጋል። የሒሳብ መምህሩ፣ ጅጅጋ የተማረው፣ አማርኛው ከእኔ የማይተናነሰው፣ ምን ጠፋብህ? አለኝ።

ስም የሚመዘግበው የት አለ? አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። አስረዳሁት፤ የመጣና የቀረ የሚለይበት መዝገብ። ሳቁን በእጁ ሸፈነ፤ መቃብር ነውና።

«ያልመጣውን ታዲያ በምን ታውቃላችሁ?» አልኩ፤ ተናድጄ።

«ያልመጣው ራሱ ያውቃል» አለ።

ክፍሌ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ጫማዬ ላይ አሁንም የመቃብሩ አፈር አለ። አልጠረግኩትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 14። ጅጅጋ። 3 ሰ.

የድሮ ቃለ ጉባኤዎች ቅጂ አለኝ። ስድስቱንም ዓመት። ኮፒ ሳላስቀር የወጣ ወረቀት የለም። (የዕድሩ ንብረት ይሆን? ይኸው፣ አለኝ።) ዛሬ የፈተና እርማት የለም፣ ማረፍ እችል ነበር። ሣጥኑን አወረድኩ።

አገኘሁት። በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ ያማረ፦ «አቶ አበራ፣ የመኪና አሽከርካሪ፣ በሦስት ስብሰባና በሁለት ቀብር ላይ በአካል ባለመገኘታቸው በአንቀጽ 9 መሠረት ተሰርዘዋል።»

ሾፌር አበራ ከእኛ ሦስተኛው ግቢ ነው። የደገሀቡር መስመር ይሠራል፤ ዓርብ ይወጣል፣ ሰኞ ይመለሳል። የእሱም እሑድ መንገድ ላይ ነው። የተሰረዘ ጊዜ ቤቴ መጣ። ማመልከቻ ይዞ፣ ከልጁ ደብተር ተገንጥሎ የተጻፈ። ቆሞ ጠበቀኝ። አነበብኩት። ቀን አልነበረውም። ፊርማ አልነበረውም። ለማን እንደተጻፈ አይልም። በቀይ ከብቤ «በአግባቡ ተጽፎ ይቅረብ» ብዬ መለስኩለት። ተቀመጥ አላልኩትም መሰለኝ። መሰለኝ አይደለም፤ አላልኩትም።

ደግሞ አልመጣም። እኔም ፋይሉን ዘጋሁ።

በተሰረዘ በአምስተኛው ወር እናቱ ሞተች። ድንኳን አልተተከለም። የጭነት መኪናውን ሸራ ከአጥሩ ጋር አስሮ ሰው ተቀበለ። ከበረንዳዬ ይታይ ነበር። እሑድ ነበር፣ ያኔ እዚሁ ነበር የማስተምረው፣ ቤት ነበርኩ። ፈተና ሳርም ዋልኩ። ጩኸቱ ሲበዛ መስኮቱን ዘጋሁ። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ፤ ደንቡ አባል ላልሆነ ሰው ለቅሶ አትሂዱ አይልም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አይልም። ልሄድ እችል ነበር። የቀረሁት ሸራው ሥር ስቀመጥ ዓይኑን ላለማየት ነው።

ብርቄ መጣችና ወረቀቶቹን አየች። ያኔ ምን እንዳለችኝ ጠየቅኳት። ምንም እንዳላለች፣ ግን እንደሄደች ነገረችኝ። ሦስት ቀን ውኃ ቀድታለች፣ ወጥ ሠርታለች። እኔ ገበያ የሄደች መስሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንተ ምን ይነገራል? አንቀጽ ልትጠቅስብኝ?»

ዓርብ፣ የካቲት 15። 4 ሰ.

መናኸሪያ ሄድኩ። ይቅርታ ልል ነበር። ሌሊቱን ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቼ፣ አሳጥሬ።

አበራ መኪናው ላይ ወጥቶ ጭነት ያስራል። ፀጉሩ ሸብቷል። አየኝ፣ ገመዱን ሳይለቅ፦

«ኧረ መምህር! ስም ልትጠራ መጣህ? አለሁ በልልኝ!»

ወርዶ ጨበጠኝ። እጁ ግራሶ ስለነበር በክርኑ ሊሰጠኝ ፈለገ፤ እጁን ያዝኩት። አፌን ከፈትኩ። ታውቃለህ ምን እንዳልኩ? የደገሀቡር መንገድ እንዴት ነው አልኩት። መንገዱ ደህና ነው አለ። ጎማ ተወደደ አለ። ተወደደ አልኩ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ቆሜ አስተምሬያለሁ፣ ስለ ጎማ አወራለሁ።

ልሄድ ስል እሱ ነው ያነሣው። የአማቴን መታመም ሰምቷል። የእኔንም መሰረዝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች እንዳይሰሙብኝ፣ ለእኔ ተጠንቅቆ፦

«እግዚአብሔር ይማርልህ። ግን ምናልባት... ሸራዬ ትልቅ ነው። ሰኞ ነው የምመለሰው፤ ግን የማስቀምጥበትን ክፍል ቁልፍ ለሚስቴ ትቼ እሄዳለሁ። እንዳትቸገር።»

አመሰግናለሁ አልኩ። በእግሬ ተመለስኩ፤ ባጃጅ ሁሉ እየቆመ መምህር ግባ ይለኛል፣ አልገባሁም።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 17። ከማዶ።

ይግባኙን ጀመርኩ። ሦስት ረቂቅ። ሦስቱም ስለ እኔ። ቀደድኩ። የቅዳሜዋን ልጅ ወረቀት መልሼ ጠየቅኳት፣ አየሁት። መንገዱን በጭንቅላቷ ሠርታዋለች፤ ይታያል። ነጥቡን ሰጠኋት። ክፍሉ አጉረመረመ፤ ሌሎችም ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ልክ ናቸው፣ ሁሉንም አያለሁ አልኳቸው። ሕግ ስለፈረሰ ጣሪያው አልወደቀም። ግን ደስም አላለኝም። ቀላሉን ነው ያደረግኩት። ከባዱ ጅጅጋ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 21። ጅጅጋ። 8 ሰ.

እማማ ዘርፌ ከትናንት ጀምሮ ሾርባውን ትታለች። ውኃ በጥጥ ከንፈሯን እናርሳለን። ብርቄ አልተኛችም።

ጋሽ ከድር ጠዋት ራሱ መጣ። በሽተኛ ጠየቀ፣ ራስጌዋ ተቀመጠ፣ ዱዓ አደረገ። ከዚያ በረንዳ ላይ ለብቻዬ ወሰደኝ። ተመካክረዋል። ደብዳቤው ይቀራል፤ እንዳልተጻፈ። እኔ አንድ ሽማግሌ ይዤ ቤቱ ብቅ ልበል፣ ሁለት ቃል ይበቃል፣ ነገውኑ ስሜ ይመለሳል። ስብሰባም አያስፈልገውም። መምህራችን ነህ፣ ደንቡን ያወጣህልን ሰው ነህ፣ አንተን በሜዳ አንጥልም አለኝ።

ተነፈስኩ። ደብተሬ፣ ለአንተ አልዋሽም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው።

ከዚያ ጠየቅኩት። አበራስ? አልኩት። አሁን ስለ አንተ ነው የምናወራው አለ። በሱቅህ ስሙን ያነሣኸው አንተ ነህ አልኩት። እሱማ አልተመለሰም፣ አልጠየቀም አለ።

ጠይቋል። እኔ ነኝ የመለስኩበት። ያንን ማመልከቻ ጉባኤው አንድም ቀን አላየውም። ለጋሽ ከድር ይህን ነገርኩት፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ወለሉን እያየሁ ነው የነገርኩት። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አልገሠጸኝም። ሱሪውን አራግፎ ተነሣ፤ የፈለግከውን አድርግ፣ ግን በሽተኛዋን አስብ ብሎኝ ሄደ።

12 ሰ.

ለብርቄ ሁሉንም ነገርኳት። የአበራ ጉዳይ ሳይቀድም የእኔ ስም እንዲመለስ አልፈልግም አልኩ። ማለት ቀላል ነበር። ፊቷን ሳየው አፈርኩ። በእሷ እናት አስከሬን የእኔን ነውር ላጥብ ነው? ሌላ ትዕቢት አይደለም ወይ ይህ?

ጮኸችብኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ጮኻብኝ አታውቅም። እናቴ ናት አለች፤ በአንተ ሕግ መጀመሪያ አበራ ተቀጣ፣ አሁን ደግሞ በአንተ ጸጸት እኔ ልቀጣ? ትክክል ናት። ሙሉ ነጥብ።

ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች። ወጥታ ከፊቴ ቆመች።

«የአበራ እናት ስታርፍ ውኃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ያ ሸራ ያፈስ ነበር። አበራን አስቀድመው። ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን አስጨርስ። ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ሄደህ ቁም።»

ዓርብ፣ የካቲት 22። 3 ሰ.

ለር/መምህሩ ደወልኩ። ቅዳሜና እሑድ አልገባም አልኩ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ምክንያቱን ጠየቀኝ። ሰፈሬ ስብሰባ አለ አልኩት። ለስብሰባ? አለ። አዎ፣ ለስብሰባ። ከደመወዝ እንደሚቆረጥ ነገረኝ። ይቆረጥ።

መናኸሪያም ሮጥኩ፤ ሳይወጣ ደረስኩበት። ያዘጋጀሁትን ዓረፍተ ነገር ረሳሁት። ማመልከቻህን ያፈንኩት እኔ ነኝ አልኩት። እናትህ ስታርፍ ቤት ነበርኩ፣ መስኮት ዘግቼ ተቀምጬ ነበር አልኩት። አበራ ሞተሩን አጠፋ። አላየኝም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። አውቃለሁ፣ ስትዘጋው አይቼሃለሁ አለ። ይቅር ብዬሃለሁም አላለም። ጭነቱ ላይ የወጣው ተሳፋሪ ይንጫጫል። እሑድ ደገሀቡር ነኝ፣ በሌለሁበት ምን ልትሉኝ ነው? አለኝ። ያለህበት ያህል እንዲቆጠር እጠይቃለሁ አልኩ። «በወረቀት ይሁን» አለ። «በቃል የተባልኩት ይበቃኛል።» ሞተሩን አስነሣ።

ቤት ገብቼ ይህን ጻፍኩ። ለጋሽ ከድር በእጄ እሰጣለሁ። ቅጂው እዚህ ይቀመጥ፦

«ለዕድሩ ሰብሳቢና ለጠቅላላ ጉባኤው። አቶ አበራ በተሰረዙ ጊዜ ያቀረቡትን ማመልከቻ በወቅቱ ጸሐፊ የነበርኩት እኔ ለጉባኤው ሳላቀርብ መልሻለሁ። ስለዚህ ስረዛው ቃላቸው ሳይሰማ የጸና ነው። እናታቸው ሲያርፉ ዕድሩ ያልቆመው በእኔ ምክንያት ነው። እሑድ የካቲት 24 ቀን በሚደረገው ስብሰባ ላይ በአካል ተገኝቼ ይህንኑ በሁሉም ፊት እናገራለሁ፤ በቃለ ጉባኤም እንዲሰፍር እጠይቃለሁ። ሥራቸው ከከተማ የሚያርቃቸው አባላት በቤተሰባቸው ተወክለው እንደተገኙ እንዲቆጠር አንቀጽ 9 እንዲሻሻል አመለክታለሁ። የእኔ ጉዳይ በዚያው ቀን፣ ከአቶ አበራ ጉዳይ ቀጥሎ ይታይ፤ ቀድሞ አይታይ። ጉባኤው የሚወስነው፣ ስህተቱ የማን እንደነበር ጭምር ተገልጾ፣ ማኅተም ያረፈበት የጽሑፍ መልስ ሆኖ እስከ ሐሙስ የካቲት 28 ቀን ከቀትር በፊት ይሰጥ። መልሱ ለእኔ አይጻፍ። ለአቶ አበራ ይጻፍ፤ ቤታቸው ድረስም ይወሰድላቸው።»